ሳይቆረጥ የቀረ ክር

ሌቪን መጀመሪያ ያየሁት ከኋላው ነው። አዲስ ጥቁር ኮት ለብሷል። ከኮቱ ታች፣ ስንጥቁ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ እንዳይዛነፍ ብለው የሚሰፉት ነጭ ክር እንደ ኤክስ ተጋድሞ ቁጭ ብሏል። ከመልበሱ በፊት መቆረጥ እንዳለበት የነገረው ሰው የለም።

ኖቬምበር ነው፤ ቦታው ሲንሲናቲ። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ለቃለ መጠይቅ የጠራን አሥራ ስምንት ልጆች ጥቁር በጥቁር ለብሰን ቀብር የመጣን መስለናል። ሁለት ልጆች ወደ ክሩ ተጠቃቅሰው ሲስቁ አየሁና ደሜ ፈላ። እኔም የመጣሁት ከኬንታኪ ተራራ ሥር፣ ከኔትል ፎርክ ነው። የለበስኩት የአክስቴን ልጅ ኮት ነበር፤ አያቴ እማማ ኦፓል ሁለት ቀን ሙሉ አጥብባ ነው ልክ ያመጣችልኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ዝም ማለት አያስችለኝም።

«ስማ» አልኩት ጠጋ ብዬ፣ «ዞር በል።»

«ምነው?»

«ዞር በል አልኩህ እንጂ ታገባኛለህ አልኩህ? ዞር በል።»

እስከ ጆሮው ቀላ። ዞረ። የሰፈራችን አምቡላንስ ላይ በበጎ ፈቃድ ስለምሠራ መቀስ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ቀጭ፣ ቀጭ አድርጌ ክሩን መዘዝኩና እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

ክሩን አየው፣ አየውና ዓይኑን ጨፈነ። «ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ አይቶታል ማለት ነው?»

«ሰው ሁሉ አላየውም። በር ላይ ያለው ዘበኛ ፊትህን ነው ያየው።»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ ሙሉ በሙሉ ይጠፋሉ። እኔ ደግሞ ያን ቀን ስለ ሕክምና ልጠየቅ መጥቼ የሰው ዓይን የት እንደገባ ስፈልግ ዋልኩ።

ሌቪ ሆስቴትለር ይባላል። ከኦሃዮ፣ ስልሳ ላም ካለው እርሻ ነው። «አልቤ ነው የመጣሁት፤ ከሸተትኩሽ ይቅርታ» አለኝ። «ሳሙና ሳሙና ነው የምትሸተው» አልኩት። እውነቴን ነው።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ ላሞቹን ሲያልብ ይደውልልኝ ጀመር። የማለቢያው ማሽን ከኋላው እያጉረመረመ የላሞቹን ስምና ጠባይ አንድ በአንድ ያወራኛል። እኔም የአጎቴን የዱዊን ሰሌዳ አወራዋለሁ። አጎቴ የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ነው። አስፋልቱ ዳር ፊደሉ እየተነቀለ የሚተከል ነጭ ሰሌዳ አለው፤ በየሳምንቱ መሰላል ላይ ወጥቶ «ጸሎት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» ዓይነት ነገር ይጽፍበታል። ሌቪ ይህን ሲሰማ ተንከተከተና በዚያው ቀን የቤተ ክርስቲያናችንን የፌስቡክ ገጽ መከታተል ጀመረ።

በፌብሩዋሪ መንገዳችን እኩሌታ ላይ ባለች ከተማ ተገናኘን። አንዲት ምግብ ቤት ውስጥ የፖም ኬክ አዘዝን። ቡናው ቀዘቀዘ፣ ኬኩ ሳይነካ ቀረ። እጁ ሻካራ ነው፤ እጄን ሲይዘው ግን ጫጩት የያዘ ነበር የሚመስለው። ስንለያይ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ጉድ ነው ቴሳ፣ አለቀልሽ፣ አልኩ።

*

መልሶቹ ከጃንዋሪ እስከ ማርች መጡ። እኔን ሦስት ተቀበሉኝ፤ የክፍለ ግዛታችን የሌክሲንግተኑ፣ የሲንሲናቲው፣ በመጨረሻም ስሙ ሲጠራ ሰው ሁሉ ባርኔጣውን የሚያነሳለት የቦስተኑ። ሌቪን የተቀበለው ኦማሃ ብቻ ነው። ሲንሲናቲ ተጠባባቂ አድርጎታል። ኦማሃን እንደያዘ ሲንሲናቲን መጠበቅ ይፈቀድለታል፤ «በቃ፣ ኦማሃ እገባለሁ» ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ የመጨረሻውን ቁልፍ ከተጫነ ግን ከተጠባባቂነቱ ይሰረዛል። ኦማሃ ማለት ለእኔ ከጨረቃ ትንሽ የቀረበ አገር ነው።

ብዙ ቦታ የያዘ ሰው ደግሞ እስከ ኤፕሪል ሠላሳ አንዱን መርጦ ሌላውን መልቀቅ አለበት። የተለቀቀው ቦታ ለተጠባባቂ ይሄዳል። ሕጉ ይኸው ነው።

እኔ ልቤ የት እንዳለ ገና በፌብሩዋሪ አውቄዋለሁ። ሲንሲናቲ ቃለ መጠይቅ ያደረጉልኝ አሮጊት ሐኪም ስለ ውጤቴ አንድ ቃል አልጠየቁኝም። «መጨረሻ እጁን የያዝሽው በሽተኛ ማን ነበር?» ነው ያሉኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ ተማሪዎቻቸውን በየዓመቱ ወደ ተራራ ክሊኒኮች እንደሚልኩ አጫወቱኝ። የኛ ክሊኒክ ከተዘጋ አራት ዓመቱ ነው። ሲንሲናቲ ደግሞ ከእማማ ኦፓል ደጅ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።

ግን ይህን ለማን ልንገር? አጎቴ ሰሌዳው ላይ «ሦስት የሐኪም ትምህርት ቤት ቴሳችንን ጠየቋት! ለማን እንዳራት?» ብሎ ጽፏል። እንደ ሙሽራ! የነዳጅ ማደያው ሰውዬ ባየኝ ቁጥር «ቦስተን እንዴት ናት?» ይለኛል፤ ሄጄ የመጣሁ ይመስል። በዚህ ሰፈር ስማችን በዜና የሚነሳው ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነው። አሁን ሰዉ ደስ ብሎታል፤ ያን ደስታ ከአፉ መንጠቅ አቃተኝና ሦስቱንም ይዤ ዝም አልኩ።

ኤፕሪል ገባ። አንድ ቀን ሌቪ እያለበ ጠየቀኝ።

«ሌክሲንግተን ትሄጃለሽ?»

«አልሄድም።»

«ቦስተንስ?»

የላሞቹን ወሬ ላነሳ ስል ቀደመኝ።

«ቴሳ፣ የማትሄጂበትን ለምን አትለቂውም? ስልኩን እያየ የሚውል ሰው እኮ አለ። እኔ አውቀዋለሁ። ወተት ስጭን አያለሁ፣ ስበላ አያለሁ። ይሄኔ ሌክሲንግተንን የምትጠብቅ አንዲት ልጅ አለች።»

«ይደርሳል። ገና ነው እኮ።»

«ካልበላሁት ጭሬ ልበትነው እንዳለችው ዶሮ ሆንሽ።»

ዶሮ! እኔን! እውነት እንደሆነ ስለማውቅ ነው መሰለኝ ይበልጥ ያንገበገበኝ። ከዚያ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነገር ተናገርኩ። «ግልጹን ተናገር እንጂ። የሲንሲናቲ ቦታዬን ነው የፈለግከው።»

ማሽኑን ሲያጠፋው ሰማሁ።

«እንደዚያ ነው የምታስቢኝ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሺ። ከመረጥሽ በኋላ ደውዪልኝ። እስከዚያ አልደውልም። በእኔ ምክንያት መረጥኩ እንድትዪ አልፈልግም።»

ዘጋው። ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። መልሼ ልደውል እጄ ሄደ፤ ኩራቴ መለሰው። እልኸኛ ነኝ፤ ግን ደንቆሮ አይደለሁም። በማግስቱ ሌክሲንግተንን ለቀቅኩ። ስለቀው የሆነ ከባድ ነገር ከትከሻዬ ወረደ፤ ለማን ልንገረው? የምነግረው ሰው አኩርፎኛል።

*

በሳምንቱ ይሁን በአሥር ቀኑ፣ እማማ ኦፓል ቤት ምሳ ላይ ሳለን የአምቡላንሱ ሬዲዮ ጠራኝ። አፌ በበቆሎ ዳቦ እንደተሞላ ብድግ ስል አጎቴ ክንዴን ያዘኝ።

«ቦስተን ነው አይደል? በይ ንገሪኝና ሂጂ።»

«ኋላ እንነጋገራለን አጎቴ!» ብዬ ሮጥኩ።

አጎቴ ዱዊ የሚሰማው መስማት የሚፈልገውን ነው። ከጥሪው ስመለስ ሰሌዳው ላይ «እንኳን ደስ ያለሽ ቴሳ! ቦስተን ትጠብቅሻለች» ይላል። የእንግሊዝኛው ኦ ፊደል አልቆበት ሁለት ቦታ ላይ ዜሮ ቁጥር ተክሏል። ሰዉ በመኪና ሲያልፍ ጥሩምባ ይነፋልኛል። ፎቶውም ፌስቡክ ላይ ወጥቷል።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? «እሁድ አስተካክለዋለሁ» አልኩ ለራሴ። አያቴ አንድ ሁለቴ ከምትሠራው ሹራብ ላይ ቀና ብላ አየችኝ፣ መልሳ አቀረቀረች። ያ ፎቶ ኦሃዮ ይደርሳል ብዬ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ሞኝ!

እሁድ ኤፕሪል ሃያ ስምንት ነበር። ሁለት ቀን ቀርቷል። በቤተ ክርስቲያናችን ከመዝሙር በኋላ እንግዳ ካለ ተነስቶ ስሙንና የመጣበትን መናገር ደንብ ነው። አጎቴ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ «ዛሬስ እንግዳ አለን?» አለ። ከመጨረሻው ወንበር አንድ ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ተነሳ።

«ሌቪ ሆስቴትለር እባላለሁ። ከኦሃዮ ነው የመጣሁት።»

«እግዚአብሔር ይባርክህ ልጄ። ይህን ሁሉ መንገድ ምን አመጣህ?»

«ሰሌዳችሁን አይቼ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። አጎቴ ደረቱን ነፋ። ሌቪ ግን አልሳቀም። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ እያዞረ ወደ እኔ ተመለከተ።

«ቴሳን እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ነው። ይህ በስልክ የሚባል አልመሰለኝም። ሌላም ነገር አለ» አለ። «ነገ ጠዋት ከሲንሲናቲ ተጠባባቂ ስሜን አስወጥቼ ኦማሃ እገባለሁ። ቦታሽን ፈልጌ እንዳልነበር እንድታውቂ ነው። እኔ የፈለግኩት ያንቺን ወንበር አልነበረም። አጠገቡ ያለውን ነበር።»

ከመዘምራኑ አንዷ «ውይ!» አለች። እማማ ኦፓል ጆሮዋ ስለከበደ ቀስ ያለች መስሏት ቤተ ክርስቲያኑን ሞልታ «አንቺ፣ ላም አላቢው ይሄ ነው እንዴ?» አለችኝ።

እንባዬና ሳቄ አብረው መጡብኝ። ተነሳሁ።

«ለመሆኑ ማነው ቦስተን ትሄዳለች ያለው?»

ሰው ሁሉ ወደ አጎቴ ዞረ።

«አንቺ ነሻ!» አለ አጎቴ።

«እኔ ኋላ እንነጋገራለን ነው ያልኩህ!»

«ታዲያ ኋላ ማለት እሺ ማለት አይደለም እንዴ?»

«አይደለም!» ካሁን በኋላ መቀመጥ የለም። «እኔ የምሄደው ሲንሲናቲ ነው። ይህን ካወቅሁ ሁለት ወር አልፎኛል። የደበቅኳችሁ ደስታችሁን ላለማበላሸት ነበር፤ አጥፍቻለሁ። ለሌቪ ብዬም አይደለም የመረጥኩት። ሁላችሁም ሚስተር ፌልትነርን ታስታውሳላችሁ። የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ሃያ ዓመት የነዳውን። እጁን ይዤው ነበር። ሆስፒታል ለመድረስ ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶን ነው ያለፈው። እዚህ ሐኪም ቢኖር ይተርፍ ነበር። ቦስተን ብትቀርብኝ የሚቀርብኝ ስም ነው። ሲንሲናቲ ከቀረብኝ ግን ወደናንተ የምመለስበት መንገድ ነው የሚቀርብኝ።»

የሚስተር ፌልትነር ባለቤት ሦስተኛው ወንበር ላይ መሐረቧን ዓይኗ ላይ አድርጋ አንገቷን ትነቀንቃለች። አጎቴ መነጽሩን አወረደ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

እማማ ኦፓል ጊዜ አልሰጠችውም። «ዱዊ» አለች፣ «ሂድ መሰላሉን አምጣ።»

*

ከጸሎት በኋላ ምድር ቤት ያለው አዳራሽ ውስጥ እንደ ልማዳችን ሰው ሁሉ ከቤቱ ያመጣውን ደርድሮ ይበላል። ሌቪ ሳህኑ ላይ አምስት ሴቶች እየተሻሙ ያስቀመጡለትን የተጠበሰ ዶሮ ይዞ ጥግ ላይ ቆሟል። ሄድኩለት።

«ዶሮ ስላልኩሽ ይቅርታ» አለኝ።

«ዶሮማ ነበርኩ።» ከሳህኑ ላይ አንድ እግር አነሳሁና ገመጥኩ። «እኔ ያልኩህ ግን ይብሳል። አንተን እንደዚያ አስቤህ አላውቅም። ፈርቼ ነው የተናገርኩት።»

«ምን ፈርተሽ?»

«ኦማሃን።»

ቀና ብሎ አየኝ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ያን ያህል ረጅም ጊዜ ተያይተን የምናውቅ አይመስለኝም። ስልኬን አወጣሁና እሱ እያየ ቦስተንን ለቀቅኩ። ምንም አልመሰለኝም ብዬ እዋሻለሁ እንዴ? ያ ስም እኮ ስም ነበር። ወዲያው ግን አንድ የማላውቀው ሰው ታየኝ፤ ስልኩ ሲጮህ፣ እናቱ ከኩሽና ሮጣ ስትወጣ። ደስ አለኝ።

«አንተ ደግሞ ነገ ስምህን እንዳታስወጣ» አልኩት።

«ጠብቄ ጠብቄ ባይደውሉስ?»

«ባይደውሉ ኦማሃ ትሄዳለህ። እኔም ክረምት በገባ ቁጥር በረዶ እየጠረግኩ እመጣለሁ። ግን እነሱ አንፈልግህም ሳይሉህ አንተ ራስህን አታባርር። የኔ ኩራት ይበቃናል።»

«እሺ» አለ። ሌቪ እሺ ካለ አለ ነው።

ስንወጣ አጎቴ መሰላል ላይ ነው። «ሲንሲናቲ ሦስት ሰዓት ብቻ ናት። ተመስገን» ይላል ሰሌዳው። ሌቪን ከላይ ሆኖ አየውና «አንተ ልጅ፣ ያቺን የፊደል ሳጥን አቀብለኝ» አለው። ይህ በአጎቴ ቋንቋ እንኳን ደህና መጣህ ማለት ነው።

*

መጠበቅ ከባድ ነው። ሜይ ሄደ፣ ጁን ሄደ። አጎቴ ሰሌዳውን ቀይሮ «ለላም አላቢው ልጅ ጸልዩ» ብሎ ጻፈ፤ የነዳጅ ማደያው ሰውዬ አሁን የሚጠይቀኝ «ደወሉለት?» እያለ ነው። አልደወሉም። ጁላይ አጋማሽ ላይ ሌቪ ኦማሃ ውስጥ ክፍል ተከራየ። እኔም በካርታ መንገዱን ማጥናት ጀመርኩ፤ ለእሱ አልነገርኩትም እንጂ አንድ ሁለቴ አልቅሻለሁ።

ጁላይ ሃያ ሁለት አምቡላንሱን እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ።

«ቴሳ።»

«ወዬ።»

«ደወሉ።» ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ሣር እየሰበሰብኩ ነበር፤ ስልኬ በረት ውስጥ ቀርቶ። እናቴ በትራክተር ነው ይዛልኝ የመጣችው። አንድ ሰው ቦታውን ለቀቀ። ትመጣለህ ወይ አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«እየጮህኩ ነው መሰለኝ የመለስኩላቸው። የደወለችው ሴትዮ ይቅርታ አንዴ ቀስ በል አለችኝ።»

እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የውሃው ቱቦ ጫማዬን እየሞላው ነው፤ ይሙላ! ቦታውን የለቀቀው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም። እማማ ኦፓል ግን ስትጸልይ ስሞቻችንን ጠርታ ስትጨርስ «ያንንም የለቀቀውን ሰው አስበው» ትላለች።

ትምህርት ሲጀመር የሐኪም ነጭ ጋውን በምንለብስበት ሥነ ሥርዓት ቀን፣ ኦገስት ላይ፣ ያን የቃለ መጠይቅ ቀን በተያየንበት ሕንጻ ተገናኘን። አጎቴ ክራባት አስሯል፤ እማማ ኦፓል የሌቪን እናት ከያዘቻት አልለቀቀቻትም። ሌቪ አዲስ ኮት ነው የለበሰው። የድሮው፣ በዚያች እሁድ ከኛ ዘንድ እንደተመለሰ ሳያወልቀው ላም አዋልዶበት ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ሰላም ሊለኝ መጣና ድንገት ጀርባውን ሰጠኝ።

ነጩ ክር እንደ ኤክስ ተጋድሞ ቁጭ ብሏል።

«ሌቪ! ዛሬም? አሁን እንኳ አላውቅም ልትለኝ ነው?»

«አውቃለሁ» አለ ሳይዞር፤ ጆሮው ቀልቷል። «አንቺ እስክትመጪ ብዬ ነው የተውኩት።»

መቀሴን አወጣሁ።

«ያኔ ‹ዞር በል አልኩህ እንጂ ታገባኛለህ አልኩህ?› ብለሽኝ ነበር» አለ። «ዛሬስ?»

ቀጭ አደረግኩ። ቀጭ። ክሩን መዝዤ እጁ ላይ አላስቀመጥኩለትም፤ ኪሴ ከተትኩት።

«ዛሬማ» አልኩት፣ «ሁለቱንም ነው ያልኩህ። አሁን ወደ እኔ ዙር።»